ስለ ተማሪ ጭንቀት፤ ከአብነት ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርስቲ

ትምህርትና ጭንቀት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ለተማሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዳሩ ግን ስለዚሁ ነገር በየግቢያችን ሲነገር የምንሰማው ሁለት ዓይነት አሳብ ነው። አንደኛው፣ ጭንቀት የዛሬ ዘመን በሽታ ነው፤ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ አባቶቻችን አያውቁትም ነበር የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አባቶቻችን ደበሎ ለብሰው፣ ቆሎ ቆርጥመው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲማሩ ጨነቀን አላሉም፤ የዛሬው ተማሪ ግን አልጋና እንጀራ እየተሰጠው ያማርራል የሚለው ነው። እነዚህ ሁለት አሳቦች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም የጥንቱ ተማሪ አልተጨነቀም በማለታቸው ነው። እኛ ግን ነገሩን ከታሪክ አንጻር ስንመረምረው ይህ የጋራ መሠረታቸው የጸና ሆኖ አላገኘነውም።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው እያንዳንዱ የትምህርት ሥርዓት ተማሪውን የሚያስጨንቀው በራሱ መልክ መሆኑን ነው። ትምህርትን ቃል በቃል መያዝ የሚፈለግበት ቤት መርሳትን ያስፈራል፤ በአንድ ቀን የሚፈርድ ቤት ያችን ቀን ያስፈራል። ከዚህም ጋር የጥንቱ ትምህርት ቤት ሸክሙን ብቻ ሳይሆን የሸክሙን መደገፊያ ጭምር ይዞ ይኖር እንደ ነበረ እናመለክታለን። ዓመቶቹን ስንጽፍ የአገራችንን ነገር በአገራችን፣ የውጭውን በኤውሮፓ አቈጣጠር እናደርጋለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጭንቅ ሲባል አስቀድሞ በአሳባችን የሚመጣው የወላድ ምጥ ነው፤ በምጥ ጊዜ የምትጠራው እመቤታችንም የጭንቅ አማላጅ ትባላለች። ስለዚህ የእኛ ቃል ሥጋንና መንፈስን ሳይለያይ የሚይዝ ነው። የዘመኑ ሳይንስም ብዙ ደክሞ የደረሰው እዚሁ ላይ ነው። በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ መምህር የነበረው ዋልተር ካነን በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ረኃብ፣ ፍርሃትና ቍጣ በሰውነት ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ሲገልጽ የተማሪዎችን ነገር ይጠቅሳል። የዘጠኝ የሕክምና ተማሪዎች ሽንት ተመረመረ፤ በወትሮው በአንዳቸውም ሽንት ስኳር አይገኝም ነበር። ከባድ ፈተና ከተፈተኑ በኋላ ግን በአራቱ ተገኘ፤ ቀለል ካለው ፈተና በኋላ በአንዱ ብቻ ታየ። እንዲሁም ከዚያው ዩኒቨርስቲ የኳስ ተጫዋቾች መካከል ሃያ አምስቱ ከትልቅ ግጥሚያ በኋላ ሲመረመሩ በአሥራ ሁለቱ ሽንት ስኳር ተገኘ፤ ከነዚህም አምስቱ ሜዳ ሳይገቡ ተቀምጠው የዋሉ ተጠባባቂዎች ነበሩ። ሰውነት አደጋ ያየ ሲመስለው ለመሸሽ ወይም ለመታገል እንዲበቃ ስኳርን ወደ ደም ይለቃል። ተማሪው ፊት ለፊቱ ያለው ወረቀት እንጂ ነብር አይደለም፤ ሰውነቱ ግን ይህን አይለይም።

ከካነን በኋላ ሐንስ ሴልዬ የተባለው ሐኪም በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ አይጦችን በብርድ፣ በቍስል፣ ከመጠን ባለፈ ድካምና በመርዝ እየፈተነ፣ የጉዳቱ ዓይነት ልዩ ልዩ ቢሆንም የሰውነት መልስ ግን አንድ ዓይነት መሆኑን በ1936 በአጭር ጽሑፍ አስታወቀ። የዛሬው የጭንቀት ጥናት ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው ማለት ይቻላል። የቆሎ ተማሪን ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ በሴልዬ አይጦች ላይ ከወረደው መከራ በቆሎ ተማሪ ላይ ያልወረደ የለምና።

የአብነት ትምህርት ከፊደልና ከንባብ ተነሥቶ በዜማና በቅኔ አልፎ በመጻሕፍት ትርጓሜ የሚፈጸም ነው። ቦታው አንድ አይደለም። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ወደ ጎንደር መውረድ የተለመደ ነው። ስለዚህ ተማሪ መሆን ማለት አገር መልቀቅ ማለት ነበር። ብዙዎቹ የሄዱት አስፈቅደው አይደለም። አባት ልጁን ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይፈልገዋል፤ ልጁ በሌሊት ተነሥቶ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ወሬው አይሰማም። ሌላው ደግሞ ሳይጠየቅ የተሰጠ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ውስጥ የሣሉት በዛብህ ወላጆቹ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን ያስገቡት ልጅ ነው። ልብ ወለድ ቢሆንም ጸሐፊው ራሳቸው በዚያው ትምህርት ያለፉ ስለ ሆኑ የጻፉት የሚያውቁትን ነው። የወላጅ ተስፋ በልጅ ትከሻ ላይ መጫኑ ከዩኒቨርስቲ ጋር የመጣ ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አገሩን የለቀቀው ተማሪ የሚበላው ለምኖ ነው። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በትሩን ይዞ፣ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያለ በየደጁ ይቆማል። ከቤቱ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ውሻ ነው። ያገኘውን ቁራሽ ከጎጆው ወስዶ ይበላል፤ የተረፈውን በፀሐይ አድርቆ ለማይለመንበት ቀን ያስቀምጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ገበሬው ራሱ ጎተራው ስለሚጎድል ተማሪው ይራባል። የሀብታም ልጅ እንኳ ቢሆን ከመለመን አይቀርም፤ ስንቅ ከቤቱ እየመጣለት የሚቀመጥ ትዕቢት እንጂ ትምህርት አይገባውም ተብሎ ይታመናልና። ስለዚህ ረኃቡ ብቻ ሳይሆን ኀፍረቱም የትምህርቱ ክፍል ነበር። በዚህ ላይ የአገሩ ሰው ተማሪውን የሚያየው በሁለት ዓይን ነው። በአንድ ወገን የማርያም እንግዳ ነውና ይመጸውተዋል፤ በሌላው ወገን ድግምት ያውቃል፣ አስማት ይደግማል ብሎ ይፈራዋል። እየተመጸወቱ መፈራት ምን ዓይነት ብቸኝነት እንደሚያመጣ መገመት አያስቸግርም።

ይህ ሁሉ ግን የውጭው መከራ ነው። የውስጡ ጭንቀት የመርሳት ፍርሃት ነበር። መጽሐፍ ውድና ጥቂት በሆነበት ቤት ዕውቀት የሚቀመጠው በደረት ነው። ዜማው ከነምልክቱ፣ ትርጓሜው ከነአንድምታው በቃል ይያዛል፤ ከአንዱ መምህር የተያዘው ቀለም ሌላውን መምህር ፍለጋ መንገድ ሲመታ በረኃብና በንዳድ መካከል ቢጠፋ የዓመታት ድካም ይጠፋል። ቋንቋችንም ይህን ፍርሃት መዝግቦታል፤ ያልሆነለትን ተማሪ ቀለም የማይዘልቀው፣ ቀለም የማይገባው እንለዋለን።

ከዚህ ፍርሃት የወጣ አንድ መድኃኒት አለ፤ እርሱም አብሾ ነው። አብሾ በተለይ ከቅኔ ቤት ተማሪዎች ጋር የሚነሣ ሲሆን፣ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ከሚባለው ተክል እንደሚዘጋጅ ይነገራል። የሚወሰደውም አእምሮ እንዲከፈት፣ የሰሙት እንዳይጠፋ ነው። የወሰደው ሰው ለጊዜው አእምሮውን ይስታል፤ ብቻውን ይናገራል፤ የሌለ ነገር ያያል። ዛሬም ጠጅ ወይም አረቄ ሲቀምስ የሚያብድ ሰው ሲገኝ አብሾ አለበት ይባላል። የተክሉን ነገር የመረመሩ ሰዎች ያገኙት የሚያስገርም ነው። በውስጡ ካሉት ቅመሞች አንዱ ስኮፖላሚን የሚባለው ሲሆን፣ የማስታወስን ነገር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቅመም በፈቃደኞች ላይ የሚጠቀሙበት አዲስ ነገር እንዳይዙ ለማድረግ ነው። እንግዲህ ተማሪው እንዳይረሳ ብሎ የሚያስረሳውን ይጠጣ ነበር ማለት ነው። ይህ ከሆነ መድኃኒቱ ለምን ለብዙ ትውልድ ታመነ? የእኛ ግምት፣ አብሾ የሚፈውሰው መርሳትን ሳይሆን ፍርሃቱን ነበር የሚል ነው። ጠጥቶ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ተማሪ ከእንግዲህ ቀለም አይጠፋኝም ብሎ በልበ ሙሉነት ይቀመጣል፤ ልበ ሙሉነቱም ያስጠናዋል።

እስካሁን የተናገርነው ሸክሙን ነው። መደገፊያው የት ነበር?

በመጀመሪያ ጊዜ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የሚገባበት የተወሰነ ቀን የለም፤ የሚወጣበትም የለም። አንድ ሰው ድጓውን በአራት ዓመት ቢጨርስ፣ ሌላው በስምንት ቢጨርስ፣ ሁለተኛው ወደቀ አይባልም። ቅኔ አልሆንልህ ያለው መምህር ቢለውጥ ይችላል፤ ደግሞም ከዜማ ላይ አቁሞ በደብሩ ቢያገለግል በክብር ይኖራል። ቀረ ይባል ይሆናል እንጂ ወደቀ አይባልም። ማስመስከር እርግጥ አለ፤ ነገር ግን ተማሪው ወደ ማስመስከር የሚቀርበው ዘመኑ ስለ ደረሰ ሳይሆን እርሱ ስለ ደረሰ ነው። ‹ፈተና› የሚለው ቃል ራሱ በአባቶች አነጋገር በሰው ላይ ከሰይጣን ወይም ከኑሮ የሚመጣ መከራ ነበር፤ በመቀመጫ ቍጥር የሚጠሩበት ወረቀት የሆነው በኋላ ነው። አዲሱ ትርጕም አሮጌውን ጨርሶ አለመልቀቁን የምናውቀው በፈተና ሰሞን ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት በዚህ ረገድ ልዩ ትኩረት የሚሻ ይመስለናል። ተማሪው ቀን ከጫካ ወይም ከዛፍ ሥር ገብቶ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ጉባኤ ቃናውን ወይም መወድሱን ይቈጥራል። ሲመሽ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል። መምህሩ ቤቱ ጎደለ፣ ምሥጢሩ አልገጠመም ብሎ ያፈርስበታል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ። በማግሥቱ ደግሞ ይኸው ነው። ውድቀት በየቀኑ ስለሚመጣ ትንሽ ነው፤ በሁሉም ላይ ስለሚደርስ የአንድ ሰው ነውር አይሆንም። በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ውድቀት ግን፣ ያውም ሌላው ሳያይ በወረቀት ላይ የሚፈጸም፣ እጅግ ትልቅ ይሆናል። ዛሬ በየኮሌጁ ‹ተከታታይ ምዘና› የሚባለው ነገር ከሩቅ ሲያዩት ወደዚህ የሚጠጋ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የየቀኑ ውጤት ተደምሮ የሚቀመጥ ስለ ሆነ ፍርዱን አበዛው እንጂ አላቀለለውም።

ሁለተኛው መደገፊያ ጎጆው ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው ይኖራሉ። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናዋል፤ ሲታመም ጓደኛው ለምኖ ያበላዋል። የኔታ መምህር ብቻ ሳይሆኑ አባት፣ ዳኛና ንስሓ ሰሚም ናቸው። ተማሪው ከአባቱ ቤት ቢወጣም ከሰው እጅ አልወጣም።

ይህን ስንል የጥንቱን ቤት ገነት ለማድረግ አይደለም። ሕፃናት በአለንጋ ይገረፉ ነበር፤ ከትምህርት የሚኰበልለው በእግር ብረት ይታሰር ነበር። ቅማልና ተስቦ፣ ንዳድና ብርድ የጨረሰው ተማሪ ብዙ ነው። ሴት ልጅም ከዚህ ቤት ውጭ ነበረች፤ ዓይናቸው ሳያይ የቅኔ መምህርት ለመሆን የበቁት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው ብቻቸውን ስለ ሆኑ ነው። ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ስለ አብነት ኑሮ የጻፉልን፣ ለምሳሌ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ትዝታቸውን በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙላቸው አለቃ ለማ ኃይሉ፣ እንዲሁም ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ፣ ሁሉም የዘለቁ ሊቃውንት ናቸው። ከመንገድ የቀረው፣ አእምሮው የተነካው፣ በአብሾ ያልተመለሰው ትዝታውን አላጻፈም። አባቶቻችን ጨነቀን አላሉም የሚለው ክርክር የተሠራው በዘለቁት ቃል ብቻ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ግድም በዳግማዊ ምኒልክ ስም በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ኋላም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ ከፈረንጅ ቋንቋ ጋር ሦስት ነገሮችን አመጣ፤ ደወልን፣ ክፍልንና ማርክን። ደወል ቀኑን ቈራረጠው፤ ክፍል ዕድሜን ከትምህርት ጋር አሰረ፤ ማርክ ደግሞ ተማሪን ከተማሪ ጋር በቍጥር አስተያየ። ጓደኛ ከዚያ ወዲያ አስጠኚ ብቻ ሳይሆን ተወዳዳሪም ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ዶክተር ሉስየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ሥራ የሚጠብቃቸው ቢሆንም ሸክማቸው ቀላል አልነበረም። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከቤተሰቡ መካከል የሚማረውን ነገር ሊረዳለት የሚችል ሰው የሌለው ብዙ ነበር። አብዛኛው ከወገኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የደረሰ ነው።

እንዲህ ያለ የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ የሚደርስበትን ጭንቀት ከማንም ቀድሞ በአፍሪካ ውስጥ መዝግቦ ያቆየልን በናይጄርያ ይሠራ የነበረው ካናዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሬይመንድ ፕሪንስ ነው። በ1960 ባወጣው ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ወደ እርሱ እየመጡ የሚነግሩት ሕመም ተመሳሳይ ነበር። ራሳቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚሄድ ነገር ያለ ይመስላቸዋል፤ መጽሐፍ ሲገልጡ ዓይናቸው ይደበዝዛል፤ ያነበቡት አይገባቸውም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ‹ብሬን ፋግ› ይሉታል፤ ‹የአእምሮ መዛል› ብንለው ያስኬዳል። ፕሪንስ ምክንያቱን ሲመረምር፣ በጋራ ኑሮና በቃል ትምህርት ያደገ ልጅ ብቻውን ከመጽሐፍ ጋር መታሰሩን፣ ከዚህም በላይ ዘመድ አዝማድ ገንዘቡን አዋጥቶ በእርሱ ላይ ማስቀመጡን አመለከተ። እኛ የመጀመሪያውን ምክንያት በጥርጣሬ እናየዋለን፤ የሁለተኛውን ግን ትክክለኛነት ከየቤታችን እናውቀዋለን።

የዚህ ሕመም ታሪክ ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። በ1994 በታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ከአንዳንድ ሕዝቦች ባህል ጋር በተያያዙ ሕመሞች ዝርዝር ገባ፤ በ1960 የተማሪዎች ሕመም የነበረው የምዕራብ አፍሪካ ባህል ሕመም ሆነ ማለት ነው። በኋላ ግን ናይጄርያዊው ሐኪም አዮንሪንዴና ባልደረቦቹ ባደረጉት ምርመራ፣ ያው ቃል በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለጸሐፍት ድካም ይነገር የነበረ መሆኑን አሳዩ። በእንግሊዝ አገር የግዴታ ትምህርት በተስፋፋበት ዘመን ልጆች ከአቅማቸው በላይ ይማራሉ የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ በ1884 ጄምስ ክራይተን ብራውን የተባለው ሐኪም ስለ ለንደን ትምህርት ቤቶች ለመንግሥት ዘገባ አቅርቦ ነበር። እንግዲህ ናይጄርያውያን ተማሪዎች ትምህርቱን ከእንግሊዝ ሲቀበሉ የሕመሙን ስም አብረው ተቀብለዋል። በ2013 በታተመው አዲሱ መዝገብ ሕመሙ ራሱን የቻለ ርእስ መሆኑ ቀርቷል። ሕመሙ የአፍሪካዊ አእምሮ ጠባይ አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ በእንግሊዝም በናይጄርያም የታየው ብዙ ሰው ባልለመደው አዲስ ትምህርት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ ኑሮውም በፈተና ሲወሰን ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሲቋቋም ኮሌጆቹ በአንድ ስም ተሰበሰቡ፤ ብዙም ሳይቈይ በግቢ ማደር ለጊዜው ቀርቶ ተማሪዎች በከተማው ውስጥ ተበተኑ። ይህን ያደረገው የገንዘብ ነገር ብቻ እንዳልነበረ፣ የተማሪዎች ፖለቲካም እንደ ነበረበት በታሪክ ጸሐፊዎች ተነግሯል። ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ግን ጎጆው መፍረሱ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ስለ መጣው፣ ስለ ዕድገት በኅብረት ዘመቻና ስለ ቀይ ሽብር፣ እዚህ አንናገርም፤ ያን ዘመን ለኖረ ተማሪ ጭንቀት የሚለው ቃል ያንሰዋል፤ ጥናቱም ለብቻው መሆን ይገባዋል።

በየክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርስቲዎች ከተስፋፉ በኋላ ተማሪው እንደ ቆሎ ተማሪ እንደ ገና አገሩን የሚለቅ ሆነ። ምደባው ከማእከል ሲወጣ የሐረር ልጅ ጎንደር፣ የጎጃም ልጅ ጅማ ይደርሰዋል። ልዩነቱ፣ የቆሎ ተማሪ የመምህሩን ዝና ሰምቶ በእግሩ የሚሄድ ሲሆን የአሁኑ ግን ስሙን ከዝርዝር ላይ አንብቦ መሄዱ ነው። የበሩም ጥበት ጨምሯል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ የሚጠጉ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርስቲው ተሰብስበው ሲፈተኑ፣ ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በጥቂት ቀናት ተፈረደ። ፈተናውን በጽኑ መጠበቁ ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ላልሆነላቸው ቀረ እንጂ ወደቀ የማይባልበት ሌላ ደጅ መኖሩ ከፈተናው ጋር አብሮ የሚታይ ጉዳይ ነው።

በዩኒቨርስቲ ውስጥ ያለውን ሁኔታ በተመለከተ የአገራችን ተመራማሪዎች፣ የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ ሃያ ጥያቄ መመዘኛ እየተጠቀሙ ጥናት አድርገዋል። ጥያቄዎቹ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ፣ ራስህን ያምሃል ወይ፣ ምግብ ይበላልሃል ወይ፣ የመኖር ምኞት አለህ ወይ የሚሉ ዓይነት ናቸው። በ2013 በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣው የአዳማ ዩኒቨርስቲ ጥናት ከመቶ 21.6 የሚሆኑት፣ በ2015 የወጣው የጎንደር ዩኒቨርስቲ ጥናት ደግሞ ከመቶ 40.9 የሚሆኑት ተማሪዎች በአእምሮ ጭንቀት ውስጥ መሆናቸውን ገለጠ። የሁለቱ ቍጥር መራራቅ አስተያየቱን በጥንቃቄ እንድናደርግ ያሳስበናል። ከቍጥሩ ይልቅ የሚጠቅመን ግን በጎንደሩ ጥናት ከጭንቀት ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ናቸው። የገንዘብ ችግር አለ፤ ከተጠበቀው ያነሰ ውጤት አለ፤ ዕረፍት ማጣት አለ። ዳሩ ግን ከነዚህ ይልቅ የበረታው ዝምድና የታየው ደጋፊ ሰው በማጣትና ከጓደኛ ጋር በመጣላት ነው፤ የቅርብ ጓደኛ የሌለውም እንዲሁ ካለው የባሰ ተጨናቂ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስትና ስምንት ሆኖ የሚያድር ተማሪ ጓደኛ ያጣል ቢባል ያስገርም ይሆናል፤ አልጋ ለአልጋ መደራረብ ግን የጎጆውን ዝምድና አያመጣም። በጎጆው ውስጥ አንዱ ለሌላው ይለምን ነበር።

በዚያው ጥናት ጫት የቀመሱት ካልቀመሱት ይልቅ የተጨነቁ ሆነው ታይተዋል። ጫቱ ጭንቀቱን አምጥቶት ይሁን፣ ወይስ ጭንቀቱ ወደ ጫቱ መርቶት ይሁን፣ በአንድ ጊዜ ከሚደረግ ጥያቄ አይለይም። ነገር ግን በፈተና ሰሞን ጫት ለምን እንደሚቃም ለሚጠይቅ ሰው፣ እንቅልፍ እንዲጠፋና ያነበቡት እንዲያዝ ነው የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ የአብሾም መልስ ይኸው ነበር።

ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥተው በዩኒቨርስቲ የሚማሩ ጓደኞች በየግቢው አሉ። አንዳንዶቹ ቅኔ የተቀኙ፣ አንዳንዶቹ ድጓ የዘለቁ ናቸው። ሁለቱንም ቤት የሚያውቁ እነርሱ ስለ ሆኑ፣ በየትኛው ቤት ምን እንዳስጨነቃቸው፣ ያን ጊዜስ ማን እንደ ደገፋቸው ተጠይቀው ቃላቸው ቢመዘገብ በዚህ ጽሑፍ በግምት ያስቀመጥነው ብዙ ነገር ሊጸና ወይም ሊፈርስ ይችላል። የታሪክ ክፍልና የሥነ ልቡና ክፍል ተማሪዎች ሥራውን ተባብረው ቢጀምሩት ጥያቄዎቹን አብረን ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን።